ለኪልት የሚሆን የስፌት መኪና ፍለጋ፣ የእትዬ ጉዳይ

መጀመሪያ ግልፅ ለመሆን ያህል እኔ ልብስ ሰፊ አይደለሁም፣ ሱሪዬ ሲተረተር ወደ እትዬ ይዤ የምሮጥ ሰው ነኝ። ኪልት የሚባለውን የስኮትላንድ ወንዶች ባለሽንሽን ቀሚስ የሚሰፋ ማሽን ስንፈልግ የኔ ድርሻ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ፣ እንግሊዝኛውን ማስረዳትና ከባድ ብረት ተሸክሞ ሶስተኛ ፎቅ መውጣት ነበር፣ መሸከሙን መቼም አልረሳውም። ግን ነገሩ አምስት ወር ገደማ የፈጀ ስለሆነና መሀል ላይ የሰራነው ስህተት ሌላ ሰው እንዳይደግመው ከነዝርዝሩ ልፃፈው ብዬ ነው።

እትዬ የምላቸው ስኮትላንድ ግላስጎው የሚኖሩ እናት ናቸው። አዲስ አበባ እያሉ ከ20 ዓመት በላይ ሰፍተዋል፣ የተማሪ ዩኒፎርም በሉት፣ የሰርግ ልብስ በሉት፣ ሽንሽን ቀሚስ በሉት፣ ያልሰፉት የለም። እዚህ ከመጡ በኋላ ልብስ የሚያሳጥርና የሚያጠብ ሱቅ ውስጥ ይሰሩ ነበር። አንድ ቀን ደንበኛ የወገቡ ስፌት የተፈታ ኪልት ይዞ ይመጣል፣ ሌሎቹ ሰራተኞች አንቺ ያዢው አንተ ያዘው እየተባባሉ ሲገፋፉ እትዬ ገልበጥ አርገው አዩትና "ይሄማ ሽንሽን አይደል እንዴ" ብለው ቁጭ አሉ፣ አስተካክለው ሰጡት። ከዛ በኋላ ኪልት በመጣ ቁጥር ወደሳቸው ሆነ። ቀጥሎ ልጁን የሚድር አንድ ሰውዬ ለሚዜዎቹ በእጅ የተሰፋ ኪልት ማሰፋት በጣም እየተወደደበት "በማሽን እቤትሽ ብትሰፊልኝስ?" አላቸው። ነገሩ የጀመረው እዚህ ጋር ነው።

ሽንሽን ነው ማለታቸው ልክ ነው፣ ግን ይሄው ቃል ትንሽ አሳስቶናል። የኛ ሽንሽን ስስ ጨርቅ ነው። ሙሉ የሚባለው የወንድ ኪልት ግን 8 ያርድ ማለትም 7 ሜትር ከ30 ገደማ የሱፍ ታርታን (ባለካሬው የስኮትላንድ ጨርቅ) ይበላል፣ ጨርቁም በያርድ በአውንስ ነው የሚመዘነው፣ 10 እና 11 አውንስ ቀላል ይባላል፣ 13 መካከለኛ፣ 16 ከባድ፣ የወታደሮቹ ደግሞ ከዛም ያልፋል። ታች ጠርዙ አይታጠፍም፣ ምክንያቱም ጨርቁ ሲሸመን ጀምሮ ጠርዙ እንዳይተረተር ተደርጎ ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ ለማሳጠር ከታች መቁረጥ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ነገር የሚስተካከለው ከላይ ከወገብ ነው። ከፊት ሁለት ጠፍጣፋ ክፍል ተደራርቦ ይዘጋል፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ሽንሽን ነው፣ ሽንሽኑም ከወገብ እስከ ዳሌ ድረስ ወደ 20 ሴንቲ ገደማ ተሰፍቶ ይያዛል፣ ከዛ በታች ልቅ ነው፣ ሲራመዱ የሚወዛወዘው እሱ ነው። በካውያ የተተኮሰው መስመር ደግሞ ቢላ መምሰል አለበት።

አሁን ሂሳቡን ልስራላችሁ፣ ዋናው ነገር ሂሳቡ ላይ ስለሆነ። የታርታኑ ካሬ በየ20 ሴንቲ የሚደጋገም ከሆነና አንድ ሽንሽን አንድ ካሬ የሚበላ ከሆነ 27 ሽንሽን 540 ሴንቲ ይወስዳል፣ የቀረው 190 ሴንቲ ለፊቱ። የሰውየው ዳሌ ከኋላ በኩል 50 ሴንቲ ነው እንበል፣ ለ27 ሲካፈል እያንዳንዱ ሽንሽን ከውጭ የሚታየው ሁለት ሴንቲ እንኳን አይሞላም። 20 ሴንቲ ጨርቅ ሁለት ሴንቲ በማትሞላ ቦታ ተጣጥፎ ተቀመጠ ማለት በየትኛውም ቦታ ብትወጉት ወደ 11 ድርብ፣ ማለትም 11 ንብርብር ጨርቅ አለ ማለት ነው። ወገብ ላይ ጠበብ ስለሚል 13 ይደርሳል። 13 ድርብ ሱፍ! እትዬ ይሄን ስነግራቸው "ፍራሽ ነው የምንሰፋው ወይስ ልብስ?" አሉኝ።

እኔ ደግሞ ሂሳቡን እንደሰራሁ ወዲያው መደምደሚያ ላይ ደረስኩ፣ ጉልበት ያለው ማሽን ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ላይ "ሄቪ ዱቲ" (ለከባድ ስራ የሚሆን) ብዬ ፃፍኩ፣ መቼም የፃፉትን ነው የሚያመጣው፣ ሄቪ ዱቲ የሚል ትልቅ ፅሁፍ ያለባት ግራጫ ማሽን መጣች፣ በደቂቃ 1,100 ስፌት ትሰፋለች ይላል፣ ውስጧ የብረት ፍሬም አለ ይላል። ዋጋዋም ደህና ነበር። የብራንዱን ስም አልጠራም፣ ጥፋቱ የኔም ስለሆነ። ሳጥኑን ሳነሳው ግን ቀለለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር ያን ጊዜ፣ ሞኝነቴ።

የመጀመሪያው ሙከራ 13 አውንስ ጨርቅ ላይ ነው። እትዬ ሽንሽኑን በጠመኔ ምልክት አርገው፣ በስፒል ይዘው፣ ከውስጥ በኩል ፊትና ፊት ገጥመው መስፋት ጀመሩ። ማሽኗ ምንም አላላትም፣ ሄደች። ችግሩ የታየው አራት አምስት ሽንሽን ተሰፍቶ ሲገለበጥ ነው። የታርታኑ አግድም መስመር ስፌቱ ሲጀምር ልክ ነው፣ ስፌቱ ሲያልቅ ሁለት ሚሊ ወርዷል፣ የሚቀጥለው ላይ ደግሞ ሁለት ሚሊ፣ የሚቀጥለውም። ከሩቅ ስታዩት እንደ ደረጃ ይወርዳል። ሁለት ሚሊ ምን አላት የምትሉ ካላችሁ በ27 አባዙት፣ ከአምስት ሴንቲ በላይ ነው፣ እዚህ ሀገር ደግሞ ስለ ሌላው ነገር ዝም የሚል ሰውዬ እንኳን የታርታን መስመር ተዛንፎ ካየ ዝም አይልም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የተለመደ ስፌት መኪና ጨርቁን የሚጎትተው ከስር ባሉት ጥርሶች ብቻ ነው። የታችኛው ጨርቅ ይሄዳል፣ የላይኛው ደግሞ በሚጫነው የማሽኑ እግር (ጨርቁን ከላይ ረግጦ በሚይዘው ብረት) ተይዞ ወደኋላ ይቀራል። ስስ ጥጥ ላይ አይታወቅም፣ ወፍራምና ለስላሳ ሱፍ ላይ፣ ያውም ካሬ ያለው፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሚጫነውን ግፊት መቀነስ ቢቻል ይሻል ነበር፣ ይቺ ማሽን ግን የግፊት ማስተካከያ የላትም። እትዬ ፈተው በእጅ ሰፋ ሰፋ አርገው በነጭ ክር ካያያዙት በኋላ ደግመው ሰፉት፣ ተሻለ። እንደምንም 27ቱ አለቀ።

ከዛ ወገቡ ላይ ደረስን። እኔ እዛው ቆሜ ነበር። እግሩ 13ቱን ድርብ፣ ካንቫሱን (ደረቁን ማጠንከሪያ ጨርቅ) እና የወገብ ጨርቁን አንድ ላይ ለማስገባት ራሱ አልነሳ አለ፣ ተጭነው አስገቡት፣ ፔዳሉን ረገጡ፣ ሞተሩ "እምምም" አለ፣ መርፌው ግማሽ መንገድ ገባና ቆመ። በእጅ መንኮራኩሩን ገፋ ሲያረጉት ጠጭ! መርፌው ተሰበረ፣ ቁራጩ ኩሽናው ድረስ በረረ። አዲስ መርፌ ተደረገ፣ ይሄኛው ወረደ ግን ክር አይዝም፣ ማለት መርፌውና ከስር ክሩን የሚይዘው መንጠቆ ተፋተዋል፣ አይገናኙም። በቃ፣ አንድ ኪልት ሳትጨርስ ሞተች። እትዬ አልተቆጡም፣ መቆጣት ነበረባቸው፣ መነፅራቸውን አውልቀው "አንተ ልጅ፣ ይሄ የጨዋታ ዕቃ ነው" አሉኝ፣ በዚህ አለፈ።

ሁለተኛው ዙር ላይ በደንብ ፈለግኩ። አማራጮቹ ብዙ ይመስላሉ እንጂ ሲጠቀለሉ አራት ናቸው። አንደኛው ሌላ ዘመናዊ የቤት ማሽን፣ ግን ሻል ያለ፣ ለምሳሌ ጁኪ ቲኤል-2010ኪው የሚባለው፣ አሉሚኒየም አካል ያለው፣ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የሚሰፋ፣ በደቂቃ እስከ 1,500። ሁለተኛው የፋብሪካ ማሽን ከነጠረጴዛው፣ ጁኪ ዲዲኤል-8700 ዓይነት፣ በደቂቃ እስከ 5,500፣ የሚጫነውን እግር በእግራችን ጉልበት ገፋ አርጎ ማንሳት ይቻላል፣ ሁለት እጅ ጨርቁን እንደያዘ። ሶስተኛው ላይኛውም እግር አብሮ የሚራመድበት ማሽን፣ ማለትም ጨርቁን ከላይም ከታችም የሚጎትት፣ ለመርከብ ሸራና ለቆዳ ሰፊዎች የሚሰሩት፣ የአሜሪካው ሴይልራይት እጀታ ያለው ተንቀሳቃሽ አለው። አራተኛው አሮጌ ብረት፣ የድሮ ሲንጀር።

እኔ ልቤ የሄደው ሁለተኛው ጋር ነበር፣ 5,500 የሚል ቁጥር ሳይ። እትዬ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፣ "ስንት ስፌት ነው አንድ ኪልት?" አሉ። ቁጭ ብለን ቆጠርነው። አንድ ሽንሽን 20 ሴንቲ ነው፣ በሶስት ሚሊ ርዝመት 67 ስፌት። በ27 ቢባዛ 1,800 ገደማ። በሌላ አነጋገር ያቺ የሞተችው ማሽን እንኳን በሙሉ ፍጥነቷ ብትሄድ ያንን ሁሉ ሽንሽን መርፌዋ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይጨርሰዋል! ጊዜው የሚያልቀው መለካት፣ መተኮስ፣ መስመር መግጠም ላይ ነው። ስለዚህ ፍጥነት የሚባለውን ነገር ከዝርዝሩ ሰረዝነው። የፋብሪካ ማሽኑም ለሳቸው ሳሎን ከነጠረጴዛው አይሆንም፣ የድሮው ዓይነት ሞተር ደግሞ ባይሰፋም ሲበራ ጀምሮ ይጮሃል፣ ከስር ያለችው ጎረቤት ማታ ማታ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን የምትደበድብ ሴትዮ ናት። አዳዲሶቹ ሰርቮ ሞተር አላቸው፣ ፀጥ ያሉ ናቸው፣ ቀስም ይላሉ፣ ግን ቦታው የለም።

ሶስተኛው፣ ላይኛውም እግር አብሮ የሚራመድበት፣ በወረቀት ላይ ለዚህ ስራ የተፈጠረ ይመስላል። እውነቴን ነው የምለው፣ ገንዘብ ቢኖር ያን እንገዛ ነበር። ምናልባትም እንሳሳት ነበር፣ ምክንያቱም አንዳንዶቹ የዚህ ዓይነት ማሽኖች ጥርሳቸው ቆዳና ሸራ ለመንከስ የተሰራ ስለሆነ ለስላሳ ሱፍ ላይ ምልክት ይተዋሉ።

ከዛ ነገሩን የቀየረችው ሴትዮ መጣች። እትዬ የሚሰሩበት ሱቅ አልፎ አልፎ የምትመጣ፣ ኪልት ስትሰፋ ኖራ ጡረታ የወጣች ስኮትላንዳዊት አሮጊት አለች። ያንን ግማሽ የተሰራ ኪልት ይዘን አሳየናት። ውጩን አየችው፣ መስመሩን በጣቷ ተከተለች፣ ምንም አላለችም። ገለበጠችው። ከዛ ቀና ብላ "ለምንድነው ያልቆረጣችሁት?" አለች። ምኑን? የውስጡን! ለካ ሽንሽኑ ከተሰፋ በኋላ ከወገብ እስከ ዳሌ ድረስ ውስጥ የተጣጠፈው ትርፍ ጨርቅ ተቆርጦ ይወጣል፣ በምትኩ ቅርፁን እንዲይዝ በካንቫስ ይደገፋል፣ ከዛ ገበር ይለብሳል። ወገቡ ጋር ሲደረስ 13 ድርብ የሚባል ነገር የለም፣ አራት አምስት ነው። እኔ የሰራሁት ሂሳብ ልክ ነበር፣ ግን ማንም ጤነኛ ኪልት ሰፊ የማይሰፋውን ነገር ነው ያሰላሁት።

እትዬ ይሄን ስተረጉምላቸው ፊታቸው ተለወጠ። ሱቅ ውስጥ ሲጠግኑ ገበሩን ሙሉ ለሙሉ ፈተው አይተው አያውቁም ነበር፣ የሚጠግኑት ቦታ ብቻ ነው የሚከፍቱት። ደግሞ ያን ውድ ጨርቅ ማን በመቀስ ይደፍራል፣ እኛ ሀገር ትርፍ ጨርቅ ነገ ሲወፍር ይለቀቅለታል ተብሎ ይተዋል እንጂ አይቆረጥም። አሮጊቷ ግን መቀሱን ራሷ አንስታ ቆረጠችው። ድምፁ ይሰማኛል እስካሁን።

እንግዲህ ማሽን ለመምረጥ ሁለት ወር የፈጀነው በስህተት ጥያቄ ነው። ጉልበት ሳይሆን የሚፈለገው ሌላ ነው፣ ሁለት ድርብ ወፍራም ሱፍ ሳያንሸራትት እኩል የሚወስድ፣ በጣም ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ አንድ ስፌት ሂድ ሲሉት አንድ ብቻ የሚሄድና መርፌው የት እንደሚቆም የሚታወቅ፣ ግፊቱ የሚላላ፣ አልፎ አልፎ አምስት ስድስት ድርብ ሲመጣበት የማይደነግጥ። ዚግዛግ አያስፈልግም፣ የጌጥ ስፌት አያስፈልግም። ይሄን ዝርዝር ከፃፍን በኋላ እትዬ ሳቁ። "ይሄማ የተማርኩባት ናት" አሉ።

እሳቸው ልጅ ሆነው ሙያ የለመዱት በጥቁሯ የእግር ሲንጀር ነው፣ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፣ ወርቃማ ፅሁፍ ያላት፣ በየበረንዳው የነበረችው። እዚህ ጋር ትንሽ ልውጣና ልመለስ። ከግላስጎው ወጣ ብሎ ክላይድባንክ የሚባል ከተማ አለ፣ ሲንጀር ኪልቦዊ በሚባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1885 ትልቅ ፋብሪካ ከፍቶ ነበር፣ በ1913 ብቻ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ማሽን ከዛ ወጥቶ ወደ ዓለም ተጭኗል፣ በ1911 ወደ 11 ሺህ ሰራተኛ ስራ ያቆመበት አድማ ሲነሳ የጀመሩት 12 ሴቶች ነበሩ፣ በመጨረሻ በ1980 ተዘጋ። የባቡር ጣቢያው እስከዛሬ ስሙ ሲንጀር ነው፣ እትዬ በባቡሩ ስንት ጊዜ አልፈውበታል። በሞዴሉ ቁጥር መጨረሻ ላይ ያለችው ኬ ፊደል ኪልቦዊ ማለት ናት። እትዬ የተማሩባት 15ኬ ነበረች፣ ቁጥሯን እንደ ልጅ ስም ነው የሚያስታውሷት፣ ኬዋ ምን እንደሆነች ግን አያውቁም ነበር።

ስለዚህ አሮጌ ብረት ሆነ ምርጫው፣ ግን የትኛው? ሲፈለግ የቆየው 201ኬ ነው። ምክንያቱ ከስር ያለው መንጠቆ ሙሉ ዙር ነው የሚዞረው፣ ወዲያና ወዲህ አይመታም፣ ስለዚህ ድምፁም ንቅናቄውም ትንሽ ነው፣ ውስጡ ያለው ኃይል የሚተላለፈው በጥርሳም የብረት መዘውር ነው፣ የሚጫነው እግር ግፊት ከላይ ባለች ብሎን ይጠብቃል ይላላል፣ መርፌው ደግሞ ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ተራው የቤት ማሽን መርፌ ነው። ይሄ የመጨረሻው ቀላል ነገር ይመስላል ግን አሮጌ ማሽን ገዝተው መርፌ ያጡ ሰዎች አሉ።

ሶስት ቦታ ሄደን አየን። እትዬ እያንዳንዱ ቦታ የሚወስዱት ፌስታል ነበራቸው፣ ውስጡ የዛ ኪልት ቁራጭ ጨርቅ፣ ካንቫስ፣ የራሳቸው ክርና አዲስ 100 ቁጥር መርፌ። ሻጩ "ይሰራል" ሲል እሺ ይሉና መርፌውን ቀይረው በራሳቸው ጨርቅ ይሞክራሉ። መጀመሪያ ሁለት ድርብ፣ መስመር ገጥመው፣ 20 ሴንቲ ብቻ፣ ገልብጠው መስመሩን ያያሉ። ከዛ አራት፣ ከዛ ስድስት። ከዛ በእጃቸው አንድ አንድ ስፌት እያዞሩ ያዳምጣሉ። የመጀመሪያዋ ስትዞር የሆነ ቦታ ላይ ትይዛለች፣ ተዋት። ሁለተኛዋ ቆንጆ ነበረች፣ ቀለሟ ያብረቀርቃል፣ ግን የታችኛው ክር ውጥረት አልስተካከል አለ፣ ሻጩ ተናደደብን። ሶስተኛዋ አቧራ የጠጣች፣ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ የሆነች፣ 90 ፓውንድ ተባለች። ሞተሯ ከኋላ በቺንጋ የሚያያዝ ነው፣ ሽቦው ጎማው ተፈረካክሶ መዳብ ይታያል። እኔ እንተወው አልኩ። እትዬ "ሞተሩን ማን ፈለገው" አሉ፣ በእጅ አዞሩ፣ ሰፋች። መስመሩ አንድ ሚሊ እንኳን አልሸሸም። 75 ላይ ተስማማን።

በእግር የምትረገጥ ልናረጋት ሞተሩን ፈትተን ጣልነው። የድሮ ስፌት መኪና የሚረገጠው የብረት እግር እዚህ ሀገር መጠጥ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ሆኖ ነው የሚገኘው፣ ሰዎች ቢራ ያስቀምጡበታል፣ ስለዚህ እሱን መፈለግ ማሽኑን ከመፈለግ ባሰ። ከሆነ ሰው ጋራዥ ውስጥ አገኘን፣ ክብ የቆዳ ቺንጋ ተገዛለት፣ ዘይት ጠጣ፣ እኔ ተሸከምኩት። ብረቱ ብቻ ሌላ ጊዜ ይነገራል።

ውጤቱ ምን ሆነ? የመጀመሪያው ሳምንት አልጣመም። ጨርቁ አሁንም ትንሽ ይሸሽ ነበር፣ የድሮ ማሽን ነው ብሎ ተአምር የለም፣ ይቺም ጨርቁን የምትጎትተው ከስር ብቻ ነው። ለውጡ የመጣው ግፊቱን አላልተው፣ እያንዳንዱን ሽንሽን በነጭ ክር ቀድመው አያይዘው፣ አግድም መስመር ባለፈ ቁጥር መርፌውን ጨርቁ ውስጥ አቁመው እያዩ ሲሰፉ ነው። እሱን ደግሞ በእግር ሲረግጡ ነው የሚቻለው፣ እትዬ እግራቸው ያስታውሳል፣ ሶስት ስፌት ካሉ ሶስት ነው። ለሽንሽኑ 90 ቁጥር መርፌ፣ ለወገቡ 100፣ የስፌቱ ርዝመት ከሁለት ተኩል እስከ ሶስት ሚሊ። የቆዳ ማሰሪያዎቹንና ዘለበቶቹን በማሽን አይሞክሩም፣ በእጅ ነው፣ ሁለት በቀኝ አንድ በግራ፣ የግራው ማሰሪያ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቀዳዳ ራሱ በእጅ ነው የሚከፈፈው። የሚዜዎቹ አራት ኪልት ሰርጉ ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው አለቀ።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። ባለፈው ወር አንድ ሰው 16 አውንስ፣ ሙሉ 8 ያርድ አዘዘ፣ ጨርቁ ከሴልከርክ የመጣ ነው፣ ሲነኩት ቦርድ ይመስላል። እትዬ ሁለት ሽንሽን በማሽኗ ሰፉና ፈቱት። ስፌቱ ልክ ነው፣ መስመሩም ልክ ነው፣ ግን ከውጭ ሲታይ የማሽኑ ስፌት ጨርቁን ትንሽ ጎድጎድ ያረገዋል፣ በእጅ ሲሰፋ ግን ክሩ ጠርዙ ውስጥ ይደበቃል። ለሰውየው ደውዬ ሁለቱንም ዋጋ እንድነግረው አዘዙኝ፣ በእጅ ይሁን አለ። አሁን ሽንሽኑን ሶፋው ላይ ሆነው በእጅ እየሰፉ ነው፣ ማሽኗ ገበሩንና ወገቡን እየጠበቀች ነው። ግራጫዋን ደግሞ ጠጋኝ ጋር ወስጄ ለማስተካከል የጠየቀኝ ብር አዲስ ከምትገዛበት ብዙም አያንስም፣ ስለዚህ እኔ ቤት አልጋ ስር ናት፣ የምትፈልጉ ካላችሁ በነፃ ውሰዱልኝ።